አምስተኛው ጥያቄ

እጸገነት አረጋዊን ለማወቅ መጀመሪያ እናቷን ማወቅ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ጀማነሽ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ በር ሲያንኳኳ መታወቂያውን ተቀብለው ካገላበጡ በኋላ ለጎረቤት የሚያሳዩ ሴት ናቸው። ጎረቤቷ አይታ "ኧረ እሱ ነው" ብትልም ሰውየው ቆጣሪውን ሲያነብ ከጀርባው ቆመው አብረው ያነባሉ። ገበያ ሲወጡ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ይስባሉ፤ ጥቂት ይራመዱና ተመልሰው አንድ ጊዜ ደግሞ ይስባሉ። ባላቸው አቶ አረጋዊ ግን ከአዲግራት መጥተው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሱ፣ በየመንገዱ ወዳጅ የሚያፈሩ ገራገር ሰው ነበሩ። እጸገነት ስምንት ዓመት ሲሆናት ሞቱ። ልጅቷ መልኳን ከአባቷ ወሰደች፤ ጠባይዋን ከማን እንደወሰደች ቂርቆስ ሰፈር በሙሉ ያውቃል።

ቤታቸው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም የማይርቅ፣ ሁለት ክፍል ያለው የቀበሌ ቤት ነው። ሁለተኛው ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሏል። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ዙለይካ ትኖራለች። ዙለይካ አቶ አረጋዊ በሞቱበት ዓመት ከደሴ መጥታ በደባልነት የገባች ሴት ናት። ወይዘሮ ጀማነሽ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሲሠሩ፣ እጸገነትን ከትምህርት ቤት የተቀበለቻት፣ ያጠበቻት፣ ሲያማት ያስታመመቻት ዙለይካ ነበረች። እጸገነት ስሟን ሙሉውን ጠርታው አታውቅም፤ "ዙልዬ" ነው የምትላት።

የዙለይካ መተዳደሪያ ምሳ ነው። ጠዋት ታበስልና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ምሳ ዕቃዎቹን በዘንቢል ደርድራ፣ መስቀል አደባባይን አቋርጣ፣ ዳገቱን ወጥታ ካዛንቺስ ላሉ የቢሮ ሠራተኞች ታደርሳለች። ሥጋ የሚባል አታበስልም። ክርስቲያኑም እስላሙም ሳይሳቀቅ እንዲበላላት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ በቃ። የዙለይካን ሽሮ አንዴ የበላ ሰው በማግስቱ መስኮት ላይ ሆኖ ይጠብቃታል።

በዚያ ቤት አንድ የማይነገር ሐሳብ ነበረ። ካዛንቺስ በኩል ብዙው ሰፈር ፈርሷል፤ አንድ ቀን ተራው የቂርቆስ ነው። ሊያፈርሱ ሲሉ መዝጋቢ ይመጣል። መዝጋቢው ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ሰው ይጽፋል፤ ምትክ ቤት የሚሰጠውም ለተጻፈ ነው። ታዲያ ዙለይካ "እኔም እዚሁ ነው የኖርኩት" ብላ ብትጻፍስ? ምትኩን ለሁለት ተካፈሉት ቢባልስ? ወይዘሮ ጀማነሽ ይህን ነገር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲያስቡ የኖሩት ከዙለይካ ጋር አንድ ትሪ ላይ እየበሉ ነው። መዝጋቢ የመጣ ቀን ዙለይካ እንደምትወጣ ወይዘሮ ጀማነሽም ያውቃሉ፣ ዙለይካም ታውቃለች፣ እጸገነትም ታውቃለች። ይህንን የሚያነሳ ግን የለም።

በ2007 ዓ.ም. እጸገነት የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። በዚያ ዓመት ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ተማሪዎች ስታርት አፕ እንዴት እንደሚጀምሩ የሚያስተምር የስምንት ሳምንት ሥልጠና ተከፈተ። ሥልጠናው በነጻ ነው። እጸገነት በነጻ መሆኑን ስታነብ ማስታወቂያውን ሁለቴ ደገመችው፤ ከዚያም ምን እንደሚፈልጉ ለማወቅ ስትል ተመዘገበች።

አሰልጣኙ አርአያ የሚባል ጎልማሳ ነበር። የመጀመሪያው ቀን "አንተ በሉኝ፣ አንቱ አልወድም" አላቸው። እጸገነት እሱን መጠርጠር የጀመረችው ያኔ ነው። ትልቅ ሰው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አንተ በሉኝ አይልም። ቀጥሎ "ሐሳባችሁን ለአሥር ሰው ንገሩ። ሐሳብ አይሰረቅም፤ የሚከብደው ሥራው ነው" ሲል ደብተሯ ላይ ጻፈችና ከጎኑ በትንንሽ ፊደል "ለምን ፈለገው?" ብላ ጨመረች። ደብተሯ እንዲህ ያለ ነበር፤ በስተግራ የአርአያ ትምህርት፣ በስተቀኝ የእጸገነት ጥርጣሬ። ቀኝ በኩል ያለው ይበልጥ ነበር።

ሐሳቧ ደግሞ ጥሩ ሐሳብ ነበር። እንደ ዙለይካ ያሉ ሴቶች በየቤታቸው ያበስላሉ፤ የቢሮ ሰው በስልክ መልእክት ያዝዛል፤ ምሳው ይደርሳል። በቃ። ይህን ለአርአያ "የአገልግሎት ሥራ ነው" ብላ አለፈችው። ፕሮግራሙን ለሚጽፍላት ለክፍሏ ልጅ ለፊሮምሳ ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ነው አለችው። ፊሮምሳ ዝርዝሩን አየና ራሱን አከከ።

"እጹ፣ ማለቴ፣ መጽሐፍ ቀይና አልጫ አለው እንዴ?"

"አንተ ኮዱን ጻፍ።"

ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። የነገረችው ለዙለይካ ብቻ ነው፤ ለእሷም ቢሆን ያለ እሷ ስለማይሆን ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ፣ ዱካ ላይ አስቀመጠቻት። ወጥ ቤቱ የግል ቢሆንና የጋራ ቢሆን ልዩነቱ ምንድን ነው፣ ውኃ ግቢ ውስጥ ከሌለ ስንት ሰው ምሳ መሥራት ይቻላል፣ እያለች ስትጠይቃት አመሸች። በመጨረሻ እጇን ያዘቻት።

"ዙልዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ለእማዬም ቢሆን።"

"ምን በወጣኝ እናገራለሁ።"

"ወላሂ በይ።"

ዙለይካ ሳቋ መጣ። የልጅቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች። "ወላሂ" አለች።

በአምስተኛው ሳምንት አርአያ "ከዚህ ክፍል ውጡ። በር አንኳኩ፣ ሰው አነጋግሩ" አላቸው። እጸገነት የምትፈልገው የሚያበስሉ ሴቶች የት የት እንዳሉ ማወቅ ነው። ፎርም አዘጋጀች። ቤቱ ስንት ክፍል ነው? ስንት ሰው ይኖርበታል? ወጥ ቤቱ የግል ነው የጋራ? ውኃ በግቢ አለ? አምስተኛው ጥያቄ ደግሞ ደባል አለ ወይ የሚል ነበር፤ ለሽያጭ የሚያበስሉት አብዛኞቹ እንደ ዙለይካ ደባሎች መሆናቸውን ታውቃለችና። በመጀመሪያ "ምግብ አብስለው ይሸጣሉ?" የሚል ጥያቄም ነበረበት። ኮፒ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አንድ ሰው በትከሻዋ ላይ ያነበበባት መሰላትና ያንን ሰረዘችው። አሁን ማንም አንብቦ ምን እንደምታስብ ሊያውቅ አይችልም። ኮራች።

ሁለት ቅዳሜ ዞረች። የራሷን መንደር ትታ፣ ከላይ ያለውን የቂርቆስ ሰፈርና ካዛንቺስ ገና ያልፈረሰውን ቤት ለቤት አዳረሰች። ሰዎቹ "ለምንድን ነው?" ሲሏት "ለጥናት ነው" ትላለች። "የምን ጥናት?" ሲሏት "እንዲሁ፣ ጥናት" ትላለች። የሚገርመው ክብር አገኘች። አንድ ሽማግሌ ወንበር በጋቢያቸው ጠርገው አስቀመጧት። አንዲት ሴት "እነዚህም የኔ ናቸው" ብላ አራት ልጆች ከውጭ ጠርታ አሰለፈችላት፤ አንደኛው ልጅ "እትዬ፣ እማዬ ትፈልገኛለች" እያለ ሊወጣ ይታገላል። እጸገነት ይህን ሁሉ አላስተዋለችም። ዓይኗ ወረቀቱን የሚያነብባት ሰው እንዳይኖር ሲጠብቅ ነበር።

በእነዚያው ሳምንታት ቤቷ ውስጥ ነገር ተለወጠ። እናቷ ዙለይካ ስትገባ ወሬ ያቋርጣሉ። አንድ ቀን ሣጥን ከፍተው የቀበሌውን ውል ሲያገላብጡ አገኘቻቸው፤ ቶሎ ብለው ዘጉት። እጸገነት ነገሩ ገባኝ አለች፤ እናቷ ስለ ሐሳቧ ሰምተዋል፣ እያሰሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሯን ትራስ ስር አድርጋ መተኛት ጀመረች።

የስምንተኛው ሳምንት ዓርብ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ለዳኞች የሚያቀርቡበት ነበር። እጸገነት ዕቅዷ ልክ በምሳ ሰዓት የዙለይካን አሥራ ሁለት ምሳ ዕቃ ዳኞቹ ፊት መደርደር ነው፤ ምስጢሩ ያኔ ይገለጣል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አርአያ የየሰዉን ጥናት ለማየት ሰበሰባቸው። የእሷን ወረቀት አነሳና ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ሰማንያ አራት ቤት ነው ያልሽው?"

"አዎ።"

"ሰማንያ አራት ቤት፣ ቂርቆስና ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንድም ደባል የለም?"

"የለም አሉኝ።"

"የጋራ ወጥ ቤትም የለም። ሁሉም የግል ነው። በሁለት ክፍል አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ ሦስት ሰው። ይሄ ደግሞ ያገቡ ልጆቼ አራቱም እዚሁ ናቸው ይላል። እጸገነት፣ የት አገር ሄደሽ ነው የጠየቅሽው?"

ክፍሉ ሳቀ። እጸገነት ጆሮዋ ጋለ። ይሄ ሰውዬ ሐሳቧን እንድትጥለው ሆን ብሎ እያሳፈራት ነው፤ ስትጥለው ሊያነሳው ነው።

"ለምን እንደሆነ ነግረሻቸዋል?" አላት አርአያ።

"ለጥናት ነው አልኳቸው።"

"በቃ?"

"በቃ።"

አርአያ ወረቀቱን አስቀመጠው። አልሳቀም። "ወረቀት ይዘሽ ቤት ለቤት ዞረሽ ደባል አለ ወይ አልሽ። ሊያፈርሱብን መጡ ብለዋላ! ማነው እውነቱን የሚነግርሽ? ደባሉን ደብቆ፣ የጎረቤት ልጅ ቆጥሮ ነው የሚጠብቅሽ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።"

እጸገነት ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ያኔ አምስተኛው ጥያቄ ትዝ አላት፤ ተከትሎት ሣጥኑ፣ ውሉ፣ የእናቷ ሹክሹክታ መጣ። ቦርሳዋን ሳትዘጋ ደረጃውን ወረደች።

ቤት ስትደርስ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ያለው ክፍል ባዶ ነበር። ድስቶቹ የሚሰቀሉባቸው ምስማሮች ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል። ወይዘሮ ጀማነሽ ወለሉን እየጠረጉ ነበር።

"ዙልዬስ?"

"ሄደች። ወሎ ሰፈር፣ የእህቷ ልጅ ጋ።"

"ለምን?"

"ድምፅሽን ቀንሺ። ምዝገባ ጀምረዋል። ከላይ ሰፈር ጨርሰው ወደኛ እየወረዱ ነው። አንዲት ቀጭን ልጅ ናት አሉ የምትዞረው፣ ጥርሷን የማታሳይ። ደባል አለ ወይ ነው አሉ የምትለው። ወጥ ቤት ሳይቀር ትጠይቃለች አሉ። ዛሬ ነገ ሳልል አስወጣኋት።"

እጸገነት ከቦርሳዋ አንድ ፎርም አውጥታ ዘረጋችላቸው። "እኔ ነኝ እማዬ።"

"ምኑን ነሽ?"

"ቀጭኗ ልጅ።"

ወይዘሮ ጀማነሽ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አገላበጡት። ማኅተም ፈለጉ፤ የለም። ከዚያ ዓይናቸው ጠበበ። "ማን አስያዘሽ? ዙለይካ ናት? እንድትጽፊያት ነው አይደል? ከልጄ ጋር ዶልታ ኖሯል!"

እጸገነት ነገሩን ከሥር ጀምራ ተናገረች፤ ሥልጠናውን፣ ምሳውን፣ ስልኩን፣ ፎርሙን። እናቷ ግማሹን ሳያምኑ ሰሙ፤ ግማሹን ካመኑ በኋላ መጥረጊያቸውን አስቀመጡ።

"ለኔ ለእናትሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለሰው ታወሪብኛለሽ ብዬ።"

"እኔ?" አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። ባዶው ክፍል ውስጥ ዙለይካ ትታው የሄደችው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸውን ሳያዩ፣ "ስትወጣ ዘንቢሏን ፈትሼባታለሁ" አሉ።

"ምን ልታገኚ?"

"ወረቀት። የቤቱ ቁጥር ያለበት።"

"አገኘሽ?"

"ምጥን ሽሮ ነው ያለው።"

እጸገነት ዓርብ ማለዳ ወሎ ሰፈር ሄደች። የዙለይካ የእህት ልጅ የምትኖረው ከካፌዎቹ ጀርባ፣ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ዙለይካ ግቢው ጥግ ላይ ቡታጋዝ ለኩሳ ጎመን ታማስላለች። ከጎኗ ምሳ ዕቃዎቹ ታጥበው፣ አፋቸውን ተከፍተው፣ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። አሥራ ሁለት ናቸው።

"ዛሬ አይደል እንዴ ቀጠሮሽ? ምነው ማልደሽ መጣሽ፣ ገና አልደረሰም" አለች ዙለይካ።

"ዙልዬ፣ ፎርሙ የኔ ነው። የዞርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ከየት አወቅሽ?"

"እትዬ ጀማነሽ ጥያቄዎቹን ሲቆጥሩልኝ አወቅኩታ። ወጥ ቤቱ የግል ነው የጋራ፣ ውኃው በግቢ አለ ወይ። እኔኑ አስቀምጠሽ አይደል እንዴ ስትጠይቂኝ ያመሸሽው?"

"እና ለምን ዝም አልሽ? የእጹ ነው፣ ለትምህርቷ ነው ብትያት እኮ አትወጪም ነበር!"

ዙለይካ ማማሰያውን ድስቱ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገች። "ወላሂ አስብለሽኝ የለ?"

እጸገነት የምትስቅበት፣ የምትቆጣው፣ የምትጠረጥረው ነገር ፈለገች። ምንም አልነበረም። ሰው እንዲህ ያደርጋል ብላ አስባ አታውቅም። ዕንባዋ መጣ፣ በደንብ አለቀሰች፤ ዙለይካም አላባበለቻትም፣ ጎመኗን ነው የተከታተለችው።

"ተመለሽ" አለች በመጨረሻ። "እማዬ አሁን አውቃለች። ይቅርታ ትጠይቅሻለች።"

"ባይጠይቁኝም ይቅር ብያለሁ። ግን ዘንቢሌን ፈተሹት እኮ እጹ። አሥራ አራት ዓመት አብሬያቸው በልቼ። ብመለስ ደግሞ ሌላ ቀን ሌላ ቀጭን ልጅ ትመጣለች።" ክዳኖቹን አንሥታ ሰጠቻት። "በይ፣ ቆመሽ ከምታለቅሺ ክደኚልኝ።"

ዳኞቹ በሉ። አንደኛው ጭማሪ ጠየቀ። እጸገነት ጥናቷ ውስጥ ያሉት ሰማንያ አራቱም ቤቶች ውሸት መሆናቸውን፣ እንዲዋሹ ያደረገቻቸውም ራሷ መሆኗን ፊት ለፊት ተናገረች። ሽልማቱን ሌላ ልጅ ወሰደ። ፊሮምሳ ከኋላ ወንበር ምስሩን እየጠረገ "እጹ፣ መጽሐፉ ይጣፍጣል" አላት።

ሥራው እንደምንም በእግሩ ቆመ። እጸገነትና ፊሮምሳ ከተመረቁ በኋላ ትንሽ ክፍል ተከራዩ፤ ዙለይካና ሌሎች ዘጠኝ ሴቶች ያበስሉላቸዋል፣ ካዛንቺስም መስቀል ፍላወርም ምሳ ይሄዳል። እጸገነት አሁን በር ስታንኳኳ ከሰላምታዋ በፊት የመጣችበትን ትናገራለች፤ እንዲያውም ታበዛዋለች፣ ሰው ይሰለቻል። ሐሳቧን የሰረቀባት ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። የሞከረም የለም።

ወይዘሮ ጀማነሽ ረመዳን ሲገባ ቴምር በሰሃን አድርገው በልጃቸው ይልካሉ። ዙለይካ ሰሃኑን ባዶውን አትመልስም። ከዚህ አልፎ ግን አንዳቸውም የሌላዋን ደጃፍ አልረገጡም።

እውነተኛው መዝጋቢ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳና እጸገነት ከፈተች። በእጇ ወረቀት የያዘች ልጅ እግር ቆማለች።

"ለምንድን ነው?" አለቻት እጸገነት።

"ለጥናት ነው" አለች ልጅቷ።

ስንት ክፍል ነው፣ ስንት ሰው ይኖራል፣ ወጥ ቤቱ የግል ነው የጋራ። እጸገነት ያለውን እንዳለ መለሰች። ከኋላዋ እናቷ መቆማቸውን የሻሻቸው ሽታ ነገራት።

"ደባል አለ?"

"ነበረች።"

"ነበረች አይጻፍም። አለ ወይም የለም ነው።"

"አለች" አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። ልጃቸውን በትከሻዋ ገፋ አድርገው ወደ ፊት ወጡ። "ጻፊያት። ዙለይካ ትባላለች። ገበያ ወጥታ ነው፣ አሁን ትመጣለች።"

ልጅቷ ገብታ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ አየች። የታሸጉ ካርቶኖች አሉ፣ አንድ ዱካ አለ። አልጋ የለም፣ ድስት የለም። ጠዋቱን ሙሉ ብዙ ቤት ዞራለች፤ ገበያ የወጡ ብዙ ሰዎች ስም ተነግሯታል። ወይዘሮ ጀማነሽን ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከተቻቸውና ፈገግ ሳትል "የለም" ብላ ጻፈች።